ሦስተኛው ሳጥን

«ይህችን የጻፋት ወንድሜ ነው» አልኩ፤ ሳላስበው አፌ ላይ የመጣ ነገር ነበር። አዲሱን ፕሮግራም ሊተክል የመጣው ባለሙያ ከጠረጴዛው ሥር፣ ከገመዶቹ መሀል፣ አንገቱን ብቅ አደረገ። የስም ሳጥኑን ሳልሞላ የሚቀጥለውን ገጽ ተጭኜ ስለነበር ስክሪኑ ላይ በቀይ «ቀስ በል፤ ማንም አይቀማህም» የሚል ጽሑፍ ወጥቷል። አንድ ጊዜ ጽሑፉን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየ። ከዚያ የሱሪውን ጉልበት እያራገፈ ተነሣና ወንበሩን በእጁ ጠረግ ጠረግ አድርጎ ወደ እኔ ገፋው። «ይቀመጡ እንጂ» አለኝ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ «አንቺ» ነበርኩ፤ ከጠዋት ጀምሮ «ያን ገመድ አቀብይኝ»፣ «ብርሃኑን አትከልይብኝ» ሲለኝ ነው ያረፈደው። «ምነው ቀደም ብለው ቢነግሩኝ! እኔ እኮ አለቃችን እህት እንዳለው አላውቅም። ኧረ ይቅርታ ያድርጉልኝ!»

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። በእነሱ ድርጅት ውስጥ ይህን ፕሮግራም ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ብቻውን ቁጭ ብሎ የጻፈው አለቃቸው እንደሆነ ይወራል፤ አዲስ ሠራተኛ ሲገባ መጀመሪያ የሚነገረው ታሪክ ይኸው ነው። እንግዲህ «የጻፋት ወንድሜ ነው» የምትል ሴት ከአለቃው እህት ሌላ ማን ልትሆን ትችላለች? ተሳስተሃል ማለት ነበረብኝ። አፌንም ከፍቼ ነበር። ግን ሰው ሲሳሳት ከእሱ ይልቅ የማፍረው እኔ ነኝ፤ ልጅ ሆኜ መምህሩ በሌላ ልጅ ስም ሲጠሩኝ እንኳ «አቤት» እል ነበር። እንዴት ብዬ እንደምጀምር ሳወጣ ሳወርድ ነርሷ በመስኮቱ «ሰው ተሰልፏል፤ ካርድ አምጡ እንጂ!» ብላ ጮኸች። አፌን መልሼ ዘጋሁ።

የክሊኒካችን ካርድ ክፍል ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ያለ ረጅምና ጠባብ ክፍል ነው። ቀን ሙሉ መብራት ይበራል፤ ግድግዳው የሳሙና ሽታ ይዞ ቀርቷል። በግራም በቀኝም እስከ ጣሪያ የሚደርስ የብረት መደርደሪያ አለ። መደርደሪያው ላይ ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ አሥራ አራት የሕመምተኛ ካርድ ነበር። ቁጥሩን የማውቀው ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ በአንድ እየገለጥኩ ድርጅቱ በላከልን ሰንጠረዥ ላይ የገለበጥኳቸው እኔ ስለሆንኩ ነው። ካርዶቹን ከመሰላል ላይ እያወረዱ የሚያቀብሉኝ አባባ ማህደር ነበሩ። እውነተኛ ስማቸውን የሚጠራ የለም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ካርድ ሲያወጡና ሲመልሱ ስለኖሩ ከዘበኛው እስከ ሐኪሙ ማህደር ይሏቸዋል። ሰው መስኮቱ ጋ ደርሶ ስሙን ተናግሮ ሳይጨርስ «የግንበኛው የልጅ ልጅ አይደለህ? ቁጭ በል፣ መጣሁ» ብለው መሰላሉን ይወጣሉ። ያ ቀን የመጨረሻ የሥራ ቀናቸው ነበር። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ደግሞ አሮጌ ወረቀት የሚሰበስብ መኪና መጥቶ ካርዶቹን ሊጭን ተቀጥሯል፤ ኪሎው በአንድ ዳቦ ዋጋ ነው የተሸጠው። «እኔንም አብረው ይመዝኑኝ ይሆን?» አሉ ጠዋት ሲገቡ። እኔ ሳቅኩ፤ እሳቸው አልሳቁም።

«ቀስ በል፤ ማንም አይቀማህም» የእናቴ ቃል ነው። ወንድሜ ልጅ እያለ ምግብ ላይ ሲጣደፍ ትለው የነበረ፣ አሁንም በሠላሳ ስድስት ዓመቱ ሻይ ሲያቃጥለው የምትለው። ከስድስት ዓመት በፊት ወንድሜ በከተማው ዳር ባለች ትንሽ ጤና ጣቢያ መዝገብ ቤት ይሠራ ነበር። እዚያ የእናታችን ካርድ ከሌላ ሴት ካርድ ጋር ተምታቶ፣ ያልታዘዘላትን መድኃኒት አሥር ቀን ስትውጥ ሰነበተች። ተረፈች፤ ጆሮዋ ግን እስከ ዛሬ ይጮኻል። ወንድሜ ያን ጊዜ ነው መጻፍ የጀመረው። ሁለት ዓመት ፈጀበት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሦስት ሳጥን አደረገ፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ሦስቱ ካልተሞሉ ፕሮግራሙ ወደሚቀጥለው ገጽ አያሳልፍም፤ ለተጣደፈ ሰው ያቺን የእናቴን ቃል ያወጣለታል። ሲጨርስ ኢንተርኔት ላይ አወጣውና ማንም ይውሰደው አለ። ነፃ ሶፍትዌር የሚባለው ዓይነት ነው፤ ክፍት ምንጭ የሚሉትም አሉ። ራት ላይ ሲያስረዳን ጣቱን እያጠፈ ነበር፤ ማንም ያሠራዋል፣ ማንም ውስጡን ከፍቶ ያያል፣ የጎደለውን ይሞላል፣ ለጎረቤቱ ያካፍላል። የከለከልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው አለ፤ ከእኔ ያገኘውን መብት ከእሱ ለሚቀበለው ሰው መንሣት አይችልም።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ አንድ ድርጅት ፕሮግራሙን ወሰደው። ስሙን ቀየረ፣ ቀለሙን ቀየረ፣ ከፋይሉ ራስጌ የወንድሜን ስም ፋቀ፣ ኮዱን ቆለፈና ለየክሊኒኩ መሸጥ ጀመረ። እናቴ ስትሰማ «በርህን ከፍተህ ትተኛለህ፣ ከዚያ ሌባ ገባ ትላለህ» አለችው። «ሌባ አይደለም እኮ እማዬ» አላት። «መውሰድ ተፈቅዶለታል። መሸጥም ተፈቅዶለታል። ከኋላው በሩን መዝጋት ነው ያልተፈቀደለት።» ሁለት ጊዜ ጻፈላቸው፤ መልስ የለም። ሦስተኛውን ሊጽፍ ተቀመጠና ሳይጽፍ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ሰው የሰበረውን ኮምፒውተር ሲያመጡለት ይጠግናል፤ ካላመጡለት ከጓሮ ክፍሉ አይወጣም። የእኛ ክሊኒክ የገዛው ይህንኑ ፕሮግራም መሆኑን ያቺን ቀይ ጽሑፍ እስካይ ድረስ አላወቅኩም ነበር። ሁሉን ፍቀው እሷን ረስተዋታል።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ባለሙያው፣ ሁሉም ሰው ኢንጂነር ነው የሚለው፣ የእኔን ሰንጠረዥ ወደ ፕሮግራሙ ገለበጠ። ስክሪኑ ጥግ ላይ የሰው ብዛት የሚል ቁጥር አለ። ቁጥሩ እየሮጠ ወጣና ስምንት ሺህ ሰባት መቶ ስድሳ ላይ ቆመ። ጠበቅኩ። አልተነቃነቀም። በልቤ ቀነስኩና እንዳልተሳሳትኩ ለማረጋገጥ እንደገና በወረቀት ቀነስኩ። አራት መቶ ሃምሳ አራት ሰው የለም።

«ድግግሞሽ ነው» አለ ኢንጂነሩ። «ሲስተሙ ራሱ ነው የሚያጸዳው። አንድ ዓይነት ስም ሁለት ጊዜ ከገባ አንድ ያደርገዋል።»

«ሁለት ሰዎች ቢሆኑስ?»

«ስምም የአባት ስምም አንድ ሆኖ?» ብሎ ሳቀ። «እንዴት ይሆናል?»

አባባ ማህደር መሰላሉ ላይ ነበሩ። ወረዱና ከሦስተኛው መደርደሪያ ሁለት ካርድ አምጥተው ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡ። ሁለት ሴቶች፤ ስማቸው አንድ፣ የአባታቸው ስም አንድ። አንዷ ጉልበቷን የሚያማት ልብስ ሰፊ ናት። የሌላዋ ካርድ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ፔኒሲሊን አይሰጣት» የሚል ከሥሩ ሁለቴ ተሰምሮበታል። አያቶቻቸው ይለያያሉ። ፕሮግራሙ ላይ ስማቸውን ስጽፍ አንዲት ሴት ብቻ መጣች፤ ጉልበቷን የሚያማት ሴት። ቀዩ ጽሑፍ የለም። ዕድሜ ይለያቸዋል እንዳይባል ሰዉ ዕድሜውን በየዓመቱ እንደመሰለው ነው የሚናገረው፤ ስልክ እንዳይባል ሦስት ቤተሰብ በአንድ ስልክ ነው የሚጠራው። ሰንጠረዡን ስሞላ የአያት ስም የት ይጻፍ ብዬ በስልክ ጠይቄያቸው ነበር። አያስፈልግም፣ ዘመናዊው አሠራር ሁለት ስም ነው አሉኝ። እኔም ሁለት ጻፍኩ። ጠየቅኩ እንጂ አልተከራከርኩም።

«ሦስተኛ ሳጥን መጨመር አይቻልም?» አልኩት።

«ኮዱ እኔ ጋ የለም። ዝግ ነው፤ አለቃ ጋ ብቻ ነው ያለው። ክሊኒኩ በደብዳቤ ካመለከተ ስድስት ወር ይፈጃል ይባላል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን ለእርስዎ ምን ያቅታል? ለወንድምዎ መንገር ነው!»

«እነግረዋለሁ» አልኩ። አልዋሸሁም።

ምሳ ሰዓት ላይ ቤት ሄድኩ። ከክሊኒኩ ቤታችን በፍጥነት ለሚራመድ ሩብ ሰዓት ነው። እናቴ ፊተኛው ክፍል ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ጫፍ ታጥፍ ነበር፤ የስፌት ማሽኗ ድምፅ ከበር ይሰማል። ቀና ሳትል «ምነው፣ አባረሩሽ እንዴ?» አለች። «አይ፣ ናፍቀሽኝ ነው» አልኳት። «ውሸታም» አለችና ቀጠለች። ወንድሜ በጓሮ ክፍሉ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ኮምፒውተሩ ሆዱ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ትንሿ ማራገቢያ የምትነፋው ለእሱ ሳይሆን ለኮምፒውተሩ ነው። የትናንት የምስር ሾርባ ሳህን መስኮቱ ላይ ደርቋል። የሆነውን ነገርኩት። ስለ ቀይዋ ጽሑፍ ስነግረው ከንፈሩ ትንሽ ተላቀቀ። ስለ ስሙ አልጠየቀም።

«ስንት ሳጥን ነው ያለው?»

«ሁለት።»

«የአያትን ሳጥን አወጡት?» አለ፤ የሞተ ሰው እንደሚጠየቅ ዓይነት። ከዚያ ወረቀት ፈለገ። ኮዱን የመጠየቅ መብት ፕሮግራሙን የተቀበለ ሁሉ አለው አለኝ፤ የተቀበለው ደግሞ ክሊኒካችሁ ነው። ጠበቃ አያስፈልግም፣ ጭቅጭቅ አያስፈልግም፤ አንድ ዓረፍተ ነገርና የክሊኒኩ ማህተም። በጥንቃቄ፣ እንደ ተማሪ፣ ጻፈው፤ «በፕሮግራሙ የመጀመሪያ ፈቃድ መሠረት፣ ለክሊኒካችን የተሰጠው ፕሮግራም ሙሉ ኮድ እንዲሰጠን እንጠይቃለን።» «ከሰጡን ዛሬውኑ እጨምራታለሁ» አለ። «አንዲት ሳጥን እኮ ናት። ካርዶቹ ብቻ አይሂዱ፤ አያቶቹ የተጻፉት እነሱ ላይ ብቻ ነው። ደግሞ የእኔን ስም እንዳታነሺ። ነገሩ ስለ እኔ አይደለም።» ስለ ኢንጂነሩ ስህተት አልነገርኩትም። ልነግረው ስል ከአልጋው ሥር ሻንጣ ስቦ ነጭ ሸሚዝ እያወጣ ነበር። ድርጅቱ ጋ ሄደህ ኮዱን ተቀበል ቢሉኝ ብሎ ነው። ሸሚዙ ከመታጠፉ ብዛት መስመር ሠርቷል። ይዞት ወደ እናቴ ሄደና ቆመ። የስፌት ማሽኑ ቆመ። እናቴም ካውያውን ሰካች።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ኢንጂነሩ ነግሮት ኖሮ፣ የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ ራሱ አስጠራኝ። ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ወፍራም መጋረጃና የማይቀመጡበት ሶፋ አለው። እስከዚያ ቀን ድረስ የሚጠራኝ «ካርድ» ብሎ ነበር፤ «አንቺ ካርድ፣ ያ ሰው የታለ?» እያለ። አሁን ግን «ግቢ፣ ግቢ የኔ እህት!» አለኝ። «ምነው በር ላይ እንደ እንግዳ?» የታሸገ ውኃ ከፈተልኝ። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ይዘሽ ምድር ቤት ተደብቀሽ ትቀመጫለሽ አለኝ፤ ትሕትና ጥሩ ነው፣ ሲበዛ ግን ሌላውን ሰው ያሳጣል። ቀጥሎ የሴት ልጁን ነገር አመጣ። ኮምፒውተር ተምራ ከተመረቀች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቤት ውስጥ መጋረጃ ስትከፍትና ስትዘጋ ትውላለች። «ወንድምሽ ጋ አንዲት ወንበር አትጠፋም» አለ። ድምፁ ውስጥ የሥራ አስኪያጅ ነገር አልነበረም፤ ልጁ ቤት የዋለችበት አባት ድምፅ ነበር። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አውቃለሁ። ወረቀቱን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

አነበበው። «ኮድ ማለት፣ የበር ቁልፍ ነገር?»

«ፕሮግራሙ የተጻፈበት ጽሑፍ ነው። ስንገዛው አብሮ መምጣት የነበረበት። ከመጣ የጎደለውን ማስተካከል እንችላለን።» ስለ ሁለቱ ሴቶች ነገርኩት፤ ስለ ፔኒሲሊኑ፣ ስለ አራት መቶ ሃምሳ አራቱ። በሕይወቴ ለአንድ ሰው በአንድ ጊዜ ያን ያህል ቃል የተናገርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

«ወንድምሽ ይህን ደብዳቤ ያውቀዋል?»

«የጻፈው እሱ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ከት ብሎ ሳቀ። «ራሱ ጽፎ ለራሱ! ይኼማ የቢሮ ሥርዓት ነው፣ ገባኝ።» መሳቢያውን በቁልፍ ከፈተ፣ ማህተሙን ሁለቴ እፍ አለበት፣ መታ። የወረቀቱ መኪናም እስከ ነገ ይቆይ ብሎ ስልክ አነሣ። ደረጃውን ስወርድ ወረቀቱን በሁለት እጄ ይዤ ነበር፤ ቀለሙ እንዳይነካ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆሜ አንድ ጊዜ አየሁት። ክቡ ሙሉ ነበር፣ አንድም ጎን አልደበዘዘም።

ኢንጂነሩ ደብዳቤውን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ለአለቃው ላከ። «እንዲያው ለፋይሉ ነው እንጂ በቃል ቢነግሩትም ይበቃ ነበር» አለኝ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ስልኩ ጠራ። እጁ ገመድ ስለያዘ ድምፁን ለቀቀውና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ ሁላችንም ሰማን።

«ማነው ይህን የጻፈው?»

«እህትዎ ናቸው ያመጡት፣ አለቃ።»

«የማን እህት?»

«የእርስዎ… እዚሁ ካርድ ክፍል የሚሠሩት።»

«አንተ ሰው፣ እኔ ለእናቴ አንድ ነኝ።»

ኢንጂነሩ ገመዱን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። እኔን አላየኝም። «ያቺን… ቀስ በል የምትለዋን አሳይተውኝ፣ የጻፋት ወንድሜ ነው ሲሉኝ ጊዜ…» ከወዲያኛው ጫፍ ዝምታ መጣ። ዝምታው ረዘመ፤ ከግድግዳው ማዶ የልብስ ማጠቢያው ማሽን ሲዞር ይሰማል። አለቃውን አይቼው አላውቅም። በዚያ ዝምታ ውስጥ ግን ወንድሜን አወቀው ብዬ አሰብኩ፤ ስሙን የፋቀ እጅ ስሙን ሳያነብ አልፋቀውም። አሁን ይጠይቃል አልኩ፤ ማነው ወንድሟ፣ የት ነው ያለው ይላል። «ፋይል እልክልሃለሁ» አለ በመጨረሻ። «ከመውጣትህ በፊት ጫነው። ሥራ አስኪያጁን አገናኘኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ ካርድ ክፍል ሲወርድ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በሩ ዝቅተኛ ስለሆነ ጎንበስ ብሎ ገባ። ጆሮው ቀልቷል። «የሰው እህት ነኝ ብለሽ ማህተሜን አስመታሽኝ?»

«እኔ አላልኩም» አልኩ።

«አላልሽም» አለ። «አላልሽም፣ እውነት ነው። አይደለሁምም አላልሽም። ዝም ብለሽ በላሽኝ! ልጄን እንኳ…» ቃሉን አልጨረሰውም። የወንድሜን ነገር ልነግረው ጀመርኩ፤ ፕሮግራሙ በእውነት የእሱ ነው፣ ደብዳቤውም በእውነት መብታችን ነው። ከጠዋቱ ጀምሮ የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነበር፤ አሁን ግን ከአፌ ሲወጣ ለራሴም የአጭበርባሪ ወሬ መሰለኝ። «ይኼንንም ወንድምሽ ነው የጻፈው?» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አያጭሱ የሚል ማስታወቂያ እያሳየኝ። ኢንጂነሩ ሳቀ። ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን ተቀብሎኝ ወጣ፤ በኋላ በተላላኪ መለሰልኝ። ከማህተሙ ላይ፣ አግድም፣ በትልልቁ «ተሰርዟል» የሚል ሌላ ማህተም ተመትቶበታል። እንዳላባረረኝ ነርሷ ነገረችኝ፤ አዲሱን ፕሮግራም የሚያውቅ ሌላ ሰው ስለሌለ ነው።

መኪናው ይቆይ የተባለው ተሽሮ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። ጫኞቹ ሁለት ናቸው፤ ካርዶቹን እንደ እንጨት በክንዳቸው እየታቀፉ አወጡ። አባባ ማህደር ዳር ቆመው አዩ፤ አንዱ ካርድ ሲወድቅ ጎንበስ ብለው አነሡት፣ በልማድ ስሙን አነበቡና ለመመለስ ወደ መደርደሪያው ዞሩ። መደርደሪያው ባዶ ነበር። ለጫኙ ሰጡት። የሁለቱን ሴቶች ስም ከነአያቶቻቸው በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ለጠፍኩ፤ ኢንጂነሩ «አዲስ ስክሪን ላይ ወረቀት አይለጠፍም፣ ያበላሽብሻል» ብሎ አነሣው። እንደገና «አንቺ» ሆኛለሁ። አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ኢንጂነሩ አለቃው የላከለትን ፋይል መጫን ያዘ። ሦስተኛ ሳጥን ለመጨመር ስድስት ወር ይፈጃል ተብሎ ነበር፤ ይህ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ሲጨርስ ሞክሪው አለኝ። ሳጥኑን ሳልሞላ የሚቀጥለውን ገጽ ተጫንኩ። በእናቴ ቃል ቦታ «ስህተት 14» አለ።

«ሳጥኗን አልሰጡሽም፣ ልጄ?» አሉኝ አባባ ማህደር ኮታቸውን እየለበሱ።

«አልሰጡኝም።»

«አይዞሽ። የተምታታብሽ ሰው ሲመጣ እኔን ጠይቂኝ፤ ሁሉም እዚህ አለ» ብለው ግንባራቸውን ነኩ።

«እስከ ስንት ሰዓት እዚህ አሉ?»

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዩ። «እስከ አሥራ አንድ» አሉ። ሁለታችንም ሳቅን፤ የዚያን ቀን የሳቁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አሥራ አንድ ሲል ወጡ።

ቤት ስደርስ ወንድሜ ነጩን ሸሚዝ ለብሶ ፊተኛው ክፍል ተቀምጧል። ጢሙን ተላጭቷል፤ አገጩ ላይ ትንሽ ተቆርጧል። ከስምንት ሰዓት ጀምሮ እንደዚያው እንደተቀመጠ የተተኮሰው ሸሚዝ ጀርባው ላይ ከመጨማደዱ አወቅኩ። እናቴ የስፌቷን መርፌ እንደምትፈልግ ሆና ወለሉን ታያለች። ወረቀቱን ሰጠሁት። ገለጠው፣ ሁለቱን ማህተሞች አየ፣ እንደነበረው አጠፈው። ለምን እንደተሰረዘ አልጠየቀኝም፤ እኔም ስለ እህትነቱ፣ ስለ ዝምታዬ፣ አልነገርኩትም። ሻይ ቀረበ። ቆይቶ «ካርዶቹስ?» አለ። «ሄዱ» አልኩ። ራሱን ነቀነቀ። አሁንም ቆይቶ፣ ብርጭቆውን እያየ፣ «ጽሑፏስ? ቀስ በል የምትለዋ አለች?» አለኝ።

«አለች» አልኩት።

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ስዋሽ ታውቃለች። መልሳ ወለሉን ማየት ጀመረች። ወንድሜ «እሷን እንኳ አልነኳትም» አለ፤ ሸሚዙን አውልቆ በመስመሩ አጠፈውና ወደ ጓሮ ይዞት ገባ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መስኮቱን ከፈትኩ። ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ የመጣውን ስም ከነአባቱ ጠራሁ፤ ከአግዳሚው ወንበር ሁለት ሴቶች ብድግ አሉ። የአያታቸውን ስም ጠየቅኳቸው፤ ሁለቱም ነገሩኝ። የምጽፍበት ቦታ አልነበረም። ቀድማ መስኮቱ ጋ የደረሰችውን አስገባሁ።